የዳኛው ሚስት ስም

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም፤ ይህን ወሬ ሳልይዝ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ይዤዋለሁ። አሸንፈናል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ካሌዶኒያን ሮድ ያለው ፍላታችን እንዳለ ነው። የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ቀየረልን፤ ያ ሲያማርርህ የነበረው ነፋስ ቀረ። ልጃችን ሕሊና ሥራ ይዛ ፊንስበሪ ፓርክ ቤት ተከራየች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አልጋችን ሥር የነበረው ሻንጣህ ግን የለም። አትደንግጥ፤ እሱን ልነግርህ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ለቀን ስንመጣ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበርከው ሰው እዚህ የሕንፃ ጥበቃ ሆንክ። አንድ ቅዳሜ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ አሮጌ ወረቀት ከሚሸጥ ሰው የመጀመሪያውን ይዘህ ገባህ፦ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ የስኮትላንድ ዳኛ በእጁ ጽፎ የፈረመው ደብዳቤ። መዝገበ ቃላት ይዘን ቃል በቃል ስናነበው፣ ሰውየው ለወንድሙ የሚያወራው አዲስ ጫማው እንደጠበበው ነበር። እንባህ እስኪወርድ ሳቅህ። «ዕድሜዬን ሙሉ የዳኛ ፊርማ ተሸክሜ ስመላለስ፣ ጫማ ጠበበኝ የሚል ዳኛ ዛሬ ገና አገኘሁ» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልስህ! የስኮትላንድ ዳኛ ካልሆነ አይንህም አያየውም። ጓደኛህ ጋሽ መኮንን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲያገኝህ «እህሳ ግርማ፣ በዚህ ሳምንት የትኛው ዳኛ ጻፈልህ?» እያለ ሰው ሲያስቅብህ አብረህ ትስቅ ነበር።

ሃያ ሦስተኛውን ያገኘህ ዕለት ግን አልሳቅህም። ሎርድ ኪልበራን የተባለውን ዳኛ ስምንት ዓመት ፈልገኸዋል። እነዚህ ዳኞች በችሎት «ሎርድ» ተብለው በርስታቸው ስም ቢጠሩም ደብዳቤ ሲፈርሙ በልደት ስማቸው መሆኑን አንተ ነህ ያስተማርከኝ። «ጆን ሙርተን» የሚለውን ፊርማ ስታይ ሻጩ ያላወቀውን፣ ሎርድ ኪልበራን መሆኑን፣ አወቅህ። ወንበር ላይ ተቀምጠህ ወረቀቱን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ፊርማውን ደጋግመህ አየኸው። ለሰው ሁሉ የነገርከው በማግስቱ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሻንጣውን ይዤ ወደ አንድ ቤተ መዛግብት ሄድኩ። ስብስቡን በስምህ እንዲያስቀምጡልኝ ነበር የፈለግሁት። ሚስ ሄለን የምትባል ባለሙያ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሃያ ሁለቱን ተቀበለች። ያንን አንዱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ይህ የዳኛው አይደለም፤ ባልሽ ተሳስቷል» አለችኝ። ምክንያቷ አንድ መስመር ነበር፦ «ኢዛቤል ሎጋን ከታመመች ወዲህ ቤቱ ቤት አይመስለኝም» የሚለው። የዳኛው ሚስት ብትሆን ኢዛቤል ሙርተን በተባለች፤ ስለዚህ ጸሐፊው በስም የሚመስለው ሌላ ሰው ነው፣ ሴትየዋም ምናልባት የቤት ሠራተኛው ናት አለች።

ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት አፌን የምከፍት ሴት አይደለሁም። እንግሊዝኛውንም ያገኘሁት ጽዳት ስሠራ አውቶቡስ ላይ ከተጣሉ ጋዜጦች ነው። ግን አንተን ተሳስቷል ሲሉኝ ዝም ብዬ ልወጣ? እኔ እኮ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር «ሚስስ ታዬ» ተብዬ ነው የምጠራው። አባትህን ጋሽ ታዬን ያገባሁ ይመስል! የአማቴ ሚስት አደረጉኝ ብዬ ስንት ቀን አስቄሃለሁ። ሚስት የአባቷን ስም ይዛ መኖሯ ለሚስ ሄለን እንቆቅልሽ ይሁን እንጂ ለእኔ ምኑም አዲስ አይደለም። «ይህች ሴት ሚስቱ ናት፤ ሃያ ሦስቱንም ትወስዳላችሁ፣ አለዚያ አንዱንም አልሰጥም» አልኳት። 

ስኮትላንድ ወዳለው የጋብቻ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሕሊና «እማ፣ ኦንላይን አፕላይ አድርጊ» ብትለኝም በእጄ ጽፌ፣ ሦስት ጊዜ ገልብጬ ላክሁ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ግልባጩ መጣ። «ጆን ሙርተን፣ ጠበቃ፣ የኪልበራን ባለርስት ልጅ» ይላል፤ ዳኛ ከመሆኑ በፊት መሆኑ ነው። ከጎኑ «ኢዛቤል ሎጋን» የሚል አለ። አብሮት የመጣው ማስታወሻ በዚያን ዘመን የስኮትላንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደማትለቅ ይገልጻል። ደረጃው ላይ ቆሜ እልል አልኩ፤ ጎረቤታችን ምን ሆነች ብላ በሯን ከፈተች።

ሚስ ሄለን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ፊቷ ቀላ። ከዚያ የሥራ ባልደረቦቿን ሁሉ ጠራቻቸውና «እኔ የእንግሊዝ ወረቀት ነው የማውቀው፤ ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለቻቸው። ትልቅ ሰው ናት፤ እዚያው ወደድኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ደብዳቤዎቹ ለሕዝብ ታዩ። የኪልበራኑ መሐል ላይ ነው። የመስታወት ሣጥኑ ግርጌ «ደብዳቤዎቹን የሰበሰበው፦ ግርማ ታዬ» ይላል። ግማሹ ምእመን መጥቶ ነበር። ጋሽ መኮንን ከደብዳቤው ፊት አልነቃነቅ ብሎ ለሚያልፈው ፈረንጅ ሁሉ «ጓደኛዬ ነው ያገኘው! እኔ ያን ጊዜውንም ነግሬው ነበር!» ይላል። ሕሊና ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ቆሜ የሰውን እጅ ጨበጥኩ።

አልረሳህም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ሌላውም እንዳይረሳህ ግን እሠራለሁ። ሃያ ሦስቱንም ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ አራቱን ጨርሻለሁ። በየሙት ዓመትህ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ለተሰበሰበው ሰው አነባለሁ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ላንተ። ኢዛቤል ተሽሏት እንደሆነ የሚናገር ሌላ ደብዳቤም መፈለግ ጀምሬያለሁ። አገኘዋለሁ።

ባለቤትህ፣
ዘነበች ወልዴ