የእትዬ ካውያ የሕይወት ታሪክ፦ ሠላሳ ሁለት ዓመት በላውንድሪ፣ አሥራ አንድ ቀን በሆስፒታል

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ካውያ» የሚሏቸው እህታችን፣ ከመምህር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በሃያ ዓመታቸው በአንድ ሆቴል ላውንድሪ ተቀጠሩ፤ ቆይተውም የመተኮሻ ክፍሉ አለቃ ሆኑ። በሃያ አራት ዓመታቸው የሆቴሉን የቧንቧ ሠራተኛ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ስኳርም ሆነ ደም ግፊት አያውቁም ነበር፤ በሕመም ከሥራ የቀሩበት ቀን አልነበረም። የእንግዳ ቀለበት ወይም መነጽር አብሮ እንዳይታጠብ እያንዳንዱን አንሶላ ራሳቸው ያራግፉ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ውሃ የቋጠሩ ሁለት እብጠቶች ወጡ። የተኳሽ እጅ ቃጠሎ አያጣውምና ማንም ልብ አላለም። ልጃቸው ስትጠይቃቸው፣ «ካውያው ፈርሞብኝ ነው እንጂ ምን ይሆናል ብለሽ ነው!» ብለው ሳቁ። የቃጠሎ ቅባት ቀብተው አራት ቀን ሠሩ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጣላቸው፤ ፊታቸውና መዳፋቸው በቁስል ተሞላ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ልጃቸው በእርጥብ ፎጣ ስታብሳቸው ዋለች። መጋቢት 7 ቀን ሆስፒታል ገቡ፤ የዝንጀሮ ፈንጣጣ መሆኑም ተረጋገጠ፤ ሐኪሞቹ ከታመመ እንግዳ አንሶላ ሳይተላለፍባቸው አልቀረም አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። ነርሷን በየጠዋቱ፣ «ልጄ ላይ ወጣ?» ይሏት ነበር። ልጃቸው በመስኮቱ በኩል፣ «እማዬ፣ ጓንት አድርጌ ልግባ» ብላ ብታለቅስም በእጃቸው ምልክት አባረሯት። ቁስሉ ጉሮሯቸውን ዘግቶ ድምፃቸውን ሲወስደው፣ ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ይጽፉ ጀመር።

ሕመሙ ወደ ሳንባቸው ዘልቆ ደማቸውን መረዘው። ሐኪሞቹ በጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ሲበረታ እምብዛም እንዳላዩ ነገሩን። መጋቢት 18 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ሁለት ወንድሞቻቸው ቀርተዋል።

የላውንድሪ ባልደረቦቻቸው ሆይ፣ ቃጠሎ ነው ብላችሁ ያለፋችሁት ቁስል ካለ ዛሬውኑ በሐኪም ታዩ።

ልጃቸው ከመቃብር ስፍራው በር አጠገብ ለብቻዋ ቆማለች። እናቷን ለመጨረሻ ጊዜ ከነካች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ሐኪሞቹ ሃያ አንድ ቀን ጠብቁ ብለዋል። እስከ ዛሬ ጠዋት ምንም አልወጣባትም። እባካችሁ አትሳሟት፤ ከርቀት አጽናኗት።

ፈጣሪ የእናቲቱን ነፍስ ያሳርፍልን፤ የቀሩትንም ዘጠኝ ቀናት ለልጅቱና በሆዷ ላለው በሰላም ያሳልፍልን።