በቾልዌ እናት ላይ ስለተጨመረው ሳቅ

ለክቡር አቶ ሃቾንጎ
የንጎማ ቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሉሳካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለተቀመጡበት ወንበር ጭምር ጤናንና ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኛ በሞንዜ አካባቢ የምንኖር አሮጊቶች፣ ጉልበታችንን ከሚያመን በቀር፣ በጣቢያዎ ዝግጅቶች እየተዝናናን በደኅና እንገኛለን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌን እንዳይቀየሙኝ፤ ምስጋናዬ በፖስታ ታሽጎ የሚላክ ሆኖ ስላላገኘሁት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጣቢያዎ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ፣ አገር ምድሩን ሲያስቅ ከኖረው «የሹሙ ሦስት ጎጆዎች» ከተሰኘው የገጠር ድራማ እጅግ አስቂኝ ያላቸውን ትዕይንቶች መርጦ አቅርቦልናል። አንደኛ የወጣው «የእብዷ አሮጊት መምጣት» የሚል ስም የተሰጠው ነው። በዚያ ትዕይንት ላይ ልብሷን ስታወልቅ የምትታየው ወጣት እኔ ነኝ። «እብዷ አሮጊት» ደግሞ ያኔ አሮጊትም፣ እብድም፣ ተዋናይም አልነበረችም። እንዴት ድራማችሁ ውስጥ ልትገኝ እንደቻለች የሚያስታውስ ሰው በጣቢያው ያለ ስለማይመስለኝ፣ በትሕትና ላስረዳዎት።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ መጓጓዣው ነው። እንደሚያውቁት ድራማው ሦስት ሚስት ያገባ የአንድ መንደር ሹም ታሪክ ነበር። ሹሙን ለተጫወቱት ሰው ሐውልት አቁማችሁላቸዋል፤ ደግ አድርጋችኋል። ታላቂቱን ሚስት ማይንዛ፣ መካከለኛዋን ሉያንዶ፣ ትንሿን ደግሞ ቾልዌ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ይጫወቱ ነበር፤ የእነሱ ስም በድራማው መጨረሻ «ሚስቶች» ተብሎ ባጭሩ ይገለጽ ስለነበር ቦታ ሳይቆጥብላችሁ አልቀረም። በአንድ የዝናብ ወራት ሴቶቹ በክፍት መኪና ተጭነው ወደ ቀረጻው ሲሄዱ የማጎዬ ወንዝ ሞልቶ ደረሱ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «ጌታዬ፣ ይሄ ውሃ ዛሬ አያሳልፍም» ቢል፣ የድራማው አዘጋጅ «አንተ ደግሞ ከሴቶቹ ብሰህ ትፈራለህ? ፀሐይ ሳትጠልቅብን ንዳ!» አሉት። ነዳ። መኪናው በጎኑ ሲተኛ ማይንዛና ሉያንዶ የዛፍ ሥር ጨብጠው ወጡ። ቾልዌ አልወጣችም፤ ተፈልጋም አልተገኘችም። ማይንዛ እስክትሞት ድረስ ወንዙን ባነሳች ቁጥር «ካሜራውን ግን ወንዶቹ እንደ ሕፃን አቅፈው አወጡት» ትል ነበር። ለንብረት ያላችሁ ጥንቃቄ ሊደነቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምስጋናዬ የተመልካቹ ደስታ እንዳይደፈርስ ስላሳያችሁት ጭምትነት ነው። ሞቷን ሳትናገሩ፣ ቀድሞ የተቀረጸውን በየቅዳሜው ማሳየት ቀጠላችሁ። እናቷ፣ በልጇ ስም ቢና ቾልዌ እየተባለች የምትጠራው፣ ሬሳ የሌለው ለቅሶ ተቀምጣ ሳለ ጎረቤት ያለው ባለሱቅ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ቾልዌም በቆሎ እየወቀጠች ብቅ አለች። እናትየው ከለቅሶተኛው መካከል ብድግ ብላ «ተነሡ! ምን ያስለቅሳችኋል? ይኸው ትወቅጣለች! ከስታለች እንጂ ደኅና ናት!» አለች። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ቀደም ሲል የተቀረጸ መሆኑን ሊያስረዷት ሲሞክሩ «እናንተ ያላያችሁትን ወንዝ ታምናላችሁ፣ እኔ በዓይኔ ያየኋትን ልጄን አላምንም?» ብላ መለሰችላቸው። ለቅሶው ተበተነ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ፣ ከባለሱቁ መስኮት ፊት ለፊት ትቀመጥ ጀመር።

በሦስተኛ ደረጃ እኔን ስለቀጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከቾማ የትምህርት ቤት የቲያትር ቡድን ተመርጬ ስመጣ ቾልዌ አግብታ ወደ መዳብ ማዕድን ማውጫው አገር እንደሄደች ተነገረኝ። ቺተንጌ ሽርጧን አገለደሙኝ፤ ወገቡ ላይ እሷ የቋጠረችበት መጨማደድ ገና አልጠፋም። ሻሿ የራሷን ቅባት ይሸታል። አዘጋጁም «ተመልካቹ ግር እንዳይለው ፊትሽን ወደ ካሜራው አታብዢ» ብለው መከሩኝ። እኔም በጀርባዬ እተውን ጀመር።

ታላቂቱ ሚስት ማይንዛ ግን አንድም ቀን ዓይኔን አይታኝ አታውቅም። ስትናገረኝ ሁልጊዜ ከትከሻዬ በላይ አሻግራ ታያለች። ተመልካቹ የጣውንት ንቀት መስሎት ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞር እያልኩ አንገቴ ታመመ። በአንድ የቀረጻ ዕረፍት ላይ ንሺማ ስናገነፋ «እትዬ ማይንዛ፣ ምን በድዬሽ ነው የማታዪኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም አልበደልሽኝ» አለች፣ ማማሰያዋን ሳታቆም። «አንቺ ስታወሪ እሷ ከኋላሽ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። የማንን ዓይን ልይ?»

ከዚያም የወንዙን ነገር ሁሉ ነገረችኝ። የለበስኩት ልብስ ቆዳዬ ላይ እንደ ውሃ ቀዘቀዘኝ።

ወደ አራተኛው ልለፍ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ለመደርደር እጄ እንቢ ስላለኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ቢና ቾልዌ ልጇ ፊቷን እንዳዞረችባት አስተውላለች። «ተቀይማኛለች፤ ፊቷን የምትነፍገኝ ያጠፋሁት ነገር ቢኖር ነው» ብላ የተወቀጠ ለውዝ በሳህን ተሸክማ፣ በእግሯ ተጉዛ ቀረጻው ላይ ደረሰች። ያየችው ጀርባዬን ነው። «ቾልዌ! ቾልዌ ልጄ!» እያለች በካሜራው ፊት ሮጣ መጣች። ዞርኩ።

ሳህኑን አልጣለችም። ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው፤ ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ አገጬን ዳሰሰች፤ የሆነ ቦታ ላይ ታገኛት ይመስል ደጋግማ ዳሰሰች። ከዚያ እጇን ሰብስባ «አንቺም የሰው ልጅ ነሽ፣ አልቆጣሽም» አለችኝ። «ግን ልብሱን አውልቂው። እሷ ስትመጣ ምን ትለብሳለች?»

አወለቅኩት። በውስጥ ልብሴ ቆሜ አጣጥፌ ሰጠኋት። አዘጋጁ ከኋላ «እንዳታቋርጥ! ቅረጽ! ቅረጽ!» ሲሉ ይሰማኛል። ማይንዛ የራሷን ነጠላ ጨርቅ ጣል አደረገችብኝ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ። እኔም የቢና ቾልዌን እጅ ይዤ ወጣሁ፤ ወደ ጣቢያችሁ አልተመለስኩም። ትዕይንቱ ሳቅ ተጨምሮበት እንደተላለፈ የሰማሁት በኋላ ነው። ለእሷ ግን አልነገርኳትም፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥን ባለበት አትቀመጥም ነበር።

ዛሬ ቢና ቾልዌ አብራኝ ትኖራለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሮዋ ግን ደኅና ነው። ያን ልብስ በጋ ሲመጣ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው፣ መልሳም ስታጥፈው ኖራለች። ያለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ በዓሉን እንይ ብለው ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። የገዛ ድምፅዋ ከዚያ ሣጥን ወጣ፦ «እሷ ስትመጣ ምን ትለብሳለች?» ወዲያው ሳቁ ጎረፈ።

አሮጊቷ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ያቺ ቾልዌ ናት» አለች።

«የቷ፣ እማማ?» አልኳት።

«የምትስቀዋ። ከሁሉም በላይ የምትስቀዋ።»

ጆሮዬን ጣልኩ። ትክክል ነበረች። ማይንዛ በሕይወት ሳለች እንዳጫወተችኝ፣ ድራማው ሲጀመር አዘጋጁ ሦስቱን ሴቶች ዛፍ ሥር ሰብስበው እስኪደክማቸው ያሳቋቸውና ድምፁን ይቀዱት ነበር፤ ሳቅ ባስፈለገ ቁጥር የሚቀጠለው እሱ ነው። ክቡርነትዎ፣ እናት ልጇን ስትፈልግ የተጨመረባት ሳቅ የዚያችው ልጅ ሳቅ ነው።

«ለምን በእኔ ትስቃለች?» ስትል ጠየቀችኝ። «ምን አድርጌያት ነው?»

የማውቀውን ሁሉ አስረዳኋት። «አንቺ ስለምትወጂኝ ነው እንዲህ የምትዪው» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የወንዙን ዜና ያልተቀበለች ሴት፣ ልጇ እንደሳቀችባት ግን ተቀብላለች። ልብሱን ከሣጥን አውጥታ ለልጅ ልጄ «ውሰጂው፤ የሚለብሰው የለም» ብላ ሰጥታታለች።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። የእኔ ቃል አልበቃትምና፣ ሳቁን የጨመረው ቤት ኃላፊ እንደመሆንዎ፣ ተነሥተው መጥተው ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጡና «ልጅሽ በአንቺ አልሳቀችም፤ ሳቋን የቀጠልንብሽ እኛ ነን» ብለው በራስዎ አፍ ይንገሯት። ሳቅ ለመጨመር ባለሙያ ያላጣ ጣቢያ፣ ለመቀነስም እንደማያጣ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት፣ በፊቴ ሳይሆን በጀርባዬ የምታውቁኝ፣ ሁልጊዜም የጣቢያዎ ታማኝ ተመልካች፣

ቺፔጎ ሲምዌኔ
ሞንዜ

ማሳሰቢያ፦ ከሉሳካ እንግዳ ሊመጣ ይችላል ብያት፣ ቢና ቾልዌ ዶሮ እንዲያዝ አዝዛለች። «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብትለኝ «ጨዋ ሰው ነው» አልኳት። ትወና ከተውኩ ወዲህ እንዲህ አሳምሬ ተውኜ አላውቅም።