ኢስሃቅ ድኩላ ያየ ዕለት

ጥቅምት 4
ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፌ ማኪያቶ ጠጣሁ። ሌላ አገራዊ ጉዳይ አልነበረም። ከዚያ ሰዓት ሠሪው ኢስሃቅ መጣ፤ ስኳሩን ከብርጭቆው ውጪ ጨመረ። ልተርበው አፌን ስከፍት...
«ግላኮማ ነው አሉኝ። ግራ ዓይኔ ሄዷል። ቀኙም ጓዙን እየጠቀለለ ነው።»
የፈሰሰውን ስኳር ጠረግኩለት። እኔ!
«ሳይጨልምብኝ አንድ ድኩላ ልይ።»
«ሚስትህን አታይም?»
«ዘነቡን አርባ ዓመት አየኋት። ይበቃሃል፣ ድኩላውን እይ ብላኛለች።»

ጥቅምት 5
ስምንተኛ ክፍልን ሳስብ ዋልኩ። ትምህርት ቤቱ መናገሻ ሱባ ጫካ ወስዶን ነበር። ድኩላው ሲያልፍ ስልሳ ልጅ ጮኸ። ኢስሃቅ ብቻ አውቶብሱ ጎማ ሥር ጎንበስ ብሎ ቁርሱን ያስመልስ ነበር። ይኸው ሃምሳ ዓመት ስተርበው... ለካ ሲቆጨው ኖሯል?
ያኔ እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሰዉን ሁሉ በስም እናውቅ ነበር። አሁን ግማሹ ሰፈር ፈርሶ ሜዳ ነው። ማን የት እንደገባ...

ጥቅምት 8
ነገ ጉዞ። ጊዮርጊስ ጋ ጫማችንን አስጠረግን። ከረባትም አሰርን፣ ለልምምድ። አራዳ ዛፍ ፊት እንኳ ተዝረክርኮ አይቀርብም።
ዘነቡ አየችን። «ሽምግልና ነው እንዴ የምትሄዱት? ድኩላው ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለችው?»

ጥቅምት 9
ጭቃው ጫማችንን በአምስት ደቂቃ ከማዕረጉ ሻረው። ጥዱ ግን... እንዴት አድጓል! ወይስ እኛ አጠርን?
መንገድ መሪያችን አብርሃ፣ «አባቶቼ፣ ዝም ካላላችሁ አውሬ አይታይም» አለን። ዝም? ፒያሳ ያደገ ሰው?
ጉሬዛ ከላይ ሲያየን ኢስሃቅ ነጩን ጸጉሩን ለየ። «ካባ ደርቧል! ሚዜዎቹስ?» ሳቅኩ። ጉሬዛው ከነቤተሰቡ ተሰደደ። ሁለተኛውን አውሬ በወሬዬ እኔ አባረርኩ። በሦስተኛው አብርሃ ሊያለቅስ ደረሰ።
በመጨረሻ መሀረቤን አፌ ላይ ያዝኩ። አብርሃ ጣቱን ቀሰረ። ድኩላ! ጥቁር፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ።
«የት?» አለ ኢስሃቅ።
«ከጥዱ ግራ።»
«የቱ ጥድ?»
ራሱን በሁለት እጄ ይዤ አዞርኩለት። ድኩላው አንዴ አየን፤ ከዚያ ቁጥቋጦው ዋጠው።
ያኔ ኢስሃቅ እጄን ጨመቀኝ። «አየሁት! ኧረ ቆሟል! አይፈራም እንዴ?»
ጣቱ የሚያሳየው የተቃጠለ ጉቶ ነው።
አብርሃ አየኝ። ምላሴ ላይ ሦስት ቀልድ ተሰልፏል። ዋጥኳቸው።
«ቀንዱስ? ቀንዱ አልታየኝም።»
«ጠምዘዝ ያለ ነው» አልኩ። እውነቴን ነው እኮ... የሄደው ድኩላ ቀንድ።
እንባው ወረደ። ጉቶውን ሩብ ሰዓት ቆመን አየነው። ትንፍሽ ያለ የለም።

ጥቅምት 27
ኢስሃቅ ሱቁን ለወንድሙ ልጅ አስረከበ። ቀኑን ባንኮኒው ጋ ቆሞ ስለ ድኩላው ያወራል። ቀንዱ በየቀኑ ይረዝማል።
ማኪያቶ የምትሠራልን ሲሀም ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ እውነት ጋሽ ኢስሃቅ አይተውታል?»
«እኔ ራሴ ያየሁት እሱ ካሳየኝ በኋላ ነው» አልኳት።
ስንወጣ ክንዴን ያዘ። ሳይጠይቀኝ ደረጃውን ቆጠርኩለት።