ቀዩን ቃጫ የፈታሁት እኔ ነኝ

ውድ ሐናዬ፣ ቅጠል ቆጣሪዬ፣

ከሸኘንሽ ሦስት መስቀል አለፈ። እናትሽ ደህና ናት፤ እኔን ታላቅ ወንድሟን መቆጣት አልተወችም፣ ከዚህ በላይ የጤና ምልክት የለም። ቡታጅራ ባጃጅ ገብቶልሻል፤ የአናጢነት ቤቴ በር ላይ ጡሩምባ በነፉ ቁጥር መዶሻዬ ምስማሩን ትቶ አውራ ጣቴን ይመታል።

የምጽፍልሽ ግን ወሬ ላደርስሽ አይደለም። አፍሬ ነው።

በየዓመቱ የመስቀል ሰሞን ዘቢዳር ተራራ ስንወጣ፣ አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ከፊት፣ እኔ ሜትሬን ይዤ ከኋላ ነበርን። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ሰው የሚያህሉት የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ ጋ ስንደርስ ብርዱን ትረሺዋለሽ። ከእናትሽ እንሰት የተፋቀውን ቃጫ በየቀለሙ ነክረሽ በየግንዳቸው አስረሻል፤ በቀለሙ እየለየሽ ቁመታቸውን ትለኪያለሽ። ሙሽራ የምትለኪ ልብስ ሰፊ ትመስያለሽ እያልኩ አበሽቅሻለሁ።

በመጨረሻው ዓመት ውሃ ልትቀጂ ምንጩ ጋ ስትወርጂ፣ ቀዩን ቃጫ ፈትቼ ጎኑ ያለው አጭሩ ላይ አሰርኩት። ወዲያው ነቅተሽ በዱላ የምታባርሪኝ መስሎኝ ነበር። በፊተኛው ዓመት ትከሻሽን ያለፈው ባለቀይ ጅብራ ደረትሽ ላይ ቀረ። ለካሽ፣ ደግመሽ ለካሽ፣ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽ። ሳቄን ለማፈን ጋቢዬን ነከስኩ።

አንቺ ግን ያንን ልኬት ለመምህራን ጓደኞችሽ አነበብሽላቸው። ተክል እንደ ሽማግሌ ይጎብጣል እንዴ እያሉ ተሳለቁብሽ። ሰማሁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። በዓመቱ ሜትሬን አዘጋጅቼ ብጠብቅሽ፣ ዓይኔን አላምነውም ብለሽ ቀረሽ። ከዚያ ታመምሽ። አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ ስንት ቀልድ አወራሁልሽ! ይቺን ብቻ አልተነፈስኳትም። ትስቂያለሽ ብዬ ሳይሆን፣ እንደማትስቂ አውቄ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ደብተርሽን ሰጠችኝ። ከዚያ ልኬት ሥር፣ «የለካሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ይሆናል» ብለሽ ጽፈሻል። የእኔን ጥፋት እንደተሸከምሽ፣ እንደ እኔ ፊደልን በራሱ ለለቀመ ሰው እንኳን ግልጽ ነው።

በማግስቱ ደብተርሽን ይዤ ትምህርት ቤትሽ ሄድኩ። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ ደርሼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሳቁ፣ ሐና። አዲስ ቀልድ ያመጣሁ መሰላቸው። አንዱማ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አንተ ሰውዬ ለሟችም አታርፍ!» አለኝ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ እውነት ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

ነገም እሄዳለሁ። ከነገ ወዲያም። ሳቃቸው እስኪያልቅና ልኬትሽ ትክክል እንደነበር እስኪያምኑኝ ድረስ፣ ስምሽን እያነሳሁ እነግራቸዋለሁ።

አጎትሽ