በሪፖርትዎ ውስጥ በሕይወት ስላለው ባለቤቴ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የመረጃና ዕቅድ ክፍል ኃላፊ
ሶዶ

የሆስፒታሉን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ። ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ወገብዎም ከሕመም የተጠበቀ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እኔ የጉኑኖዋ መምህርት የትምወርቅ፣ ባለፈው ወር በሆስፒታሉ አዳራሽ ስላነበቡልን የምሥራች ያለኝን ምስጋና በሕዝብ ፊት ላቀርብ እወዳለሁ።

በዚያ ቀን መልቲፕል ማየሎማ የሚባለው የመቅኔ ካንሰር እንደ ድሮው እንዳልሆነ አስረዱን። በበለጸጉት አገሮች ከአርባ ሃምሳ ዓመት በፊት ከአራት ታማሚዎች አምስት ዓመት የሚሻገረው አንዱ ያህል እንደነበር፣ ዛሬ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደሚሻገሩ ነገሩን። ይህ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ቀጥለውም በእኛ ሆስፒታል ከተመዘገቡት ስምንት ታማሚዎች የአንድም ሰው ሞት ሪፖርት ስላልተደረገ ውጤታችን መቶ በመቶ ነው ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ማጨብጨብ ያቃተኝ፣ ከስምንቱ አንዱን፣ ባለቤቴን አናጢውን ዱባለን፣ ጥር ላይ ስለቀበርኩት ነው። ስለዚህ ጥቂት ማስታወሻ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ዱባለ ወገቡን ካመመው ቀን አንስቶ የበሽታው ስም እስኪታወቅ አሥራ አራት ወር ፈጅቷል። አምስት ጊዜ ወደ እናንተ መጥቶ አምስቱንም ጊዜ ማስታገሻ ተሰጥቶት ተመልሷል፤ የአናጢ ወገብ ነውና ሥራ ቀንስ ተብሎም ተመክሯል። ምክራችሁን አክብሮ መጋዙን ሰቀለ። አንድ ቀን ጠዋት ሲያስነጥስ ጎድኑ ተሰበረ። ያኔ ዶክተር ሜሪ የምትባል አዲስ የመጣች ሐኪም የደሙን ማነስና የአጥንቱን መሰበር አንድ ላይ አይታ፣ ደሙንና ሽንቱን ወደ አዲስ አበባ አስላከች። ውጤቱ ሲመጣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር። እርስዎ ታማሚው የኖረበትን ጊዜ መቁጠር የሚጀምሩት በሽታው ከታወቀበት ከዚያ ቀን ስለሆነ፣ ያ ሁሉ የስቃይ ጊዜ ሪፖርትዎን አላበላሸብዎትም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ሰባት ወር ኖረ። መጀመሪያ ላይ ሕመሙ ቀለል ብሎት ለጎረቤት በር ጠርቦ ነበር፤ እኔም ሞኝ ሆኜ ስለ ከርሞ እርሻ አማከርኩት።

ሦስተኛ፣ በአዳራሹ ተነሥቼ ባለቤቴ መሞቱን ስናገር፣ እርስዎ በታላቅ ትሕትና «ለክትትል አለመምጣታቸውን እንጂ መሞታቸውን የሚገልጽ ቅጽ አልደረሰንም፤ ያለ ቅጽ መቀነስ አንችልም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብሴን ማውለቅ ይገባኝ እንደሆነ መመሪያዎን እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያው ግን አላስቻለኝምና፣ ተራ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ያወቅናቸውን ሁለት ታማሚዎች ፍለጋ ሄድኩ። ሃላሌ ስደርስ ወይዘሮ ዓመለወርቅ ክረምት ላይ ማረፋቸውን ልጃቸው ነገረችኝ፤ ከእናንተ ዘንድ የደወለ ሰው የለም። አቶ ገብረማርያምን ግን ዱቦ ላይ ዝንጅብል ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ሕመሙ በጀመራቸው በሁለተኛው ወር ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ ሄደው፣ እዚያው ተመርምረው ነበር። የዱባለን ሞት ስነግራቸው መቆፈሪያቸውን አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኅቴ፣ እኔ ከዱባለ የበረታሁ ሰው አይደለሁም» አሉኝ፤ «ቶሎ ተደረሰልኝ እንጂ።»

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሶዶ ድረስ አለቀስኩ፤ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር የሚያስለቅሰኝ። የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ወገቡ አልሻል ላለውና ደሙ ለቀነሰ ሰው ምርመራው ከማስታገሻው ይቅደምለት፤ ለቀረ ታማሚም አንድ ሰው ስልክ ይደውልለት።

ማንም በማይሞትበት ሆስፒታልዎ ረጅም የሥራ ዘመን እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ በማይለወጥ አክብሮት፣

መምህርት የትምወርቅ
በመዝገብዎ ባለትዳር፣ በቤቷ መበለት

ተጨማሪ፦ አቶ ገብረማርያም ማክሰኞ ለክትትል ይመጣሉ። እባክዎ ከቢሮዎ ወጥተው ይዩዋቸው፤ በእርግጥ በሕይወት ያለ ሰው ለመቁጠር እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም።