ገዳዩ ሳይወጣ አይበተንም

መካነ ሰላም
ጥር 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሉሊት ንጉሡ
አርባ ምንጭ

የኔ ዓለም፣ እንዴት ነሽልኝ? የተመደብሽበት ጤና ጣቢያ ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምልሽ እንደ በፊቱ እንዳትጨነቂ ብዬ አይደለም፤ ዘንድሮስ እውነቴን ነው። አባትሽ ይበላል፣ ይስቃል፣ ትናንት እንዲያውም ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ተቆጣኝ። ቁጣው እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ትተሽው ስትሄጂ እንዴት እንደነበረ ታውቂያለሽ። በድንበሩ ባሕር ዛፍ ሰበብ ከአጎትሽ ከቢያድግልኝ ጋር ከተጣላ ወዲህ ሥራው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ነበር። ደሴ ድረስ ብንወስደው ሐኪሙ በሽታ የለበትም አለን። እኔ በሽታውን አውቀዋለሁ፤ ከወንዙ ማዶ ቤት ሠርቶ ይኖራል። ሽማግሌ በላክን ቁጥር አንዱ "እሱ ይቅደም"፣ ሌላውም "እሱ ይቅደም" እያለ ስንት ፋሲካ ተለያይተው ፈሰኩ።

ያ የግድያ መጽሐፍሽ ሲመጣ "ለታመመ አባቷ የሬሳ ወሬ ትልካለች?" ብዬ ተናድጄብሽ ነበር። አባትሽም "ዓይኔ ፊደል አይለይም፣ ላንቺው ይሁን" አለ። እኔ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኳት ፊደል እየተንገዳገድኩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ያ ሀብታም የቡና ነጋዴ በተቆለፈ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ አባትሽ ከግድግዳው ዞረ።

"በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ገዳዩ በየት ወጣ?" አለኝ። እሱ ያን ያህል ቃል ካወጣ ስንት ጊዜው!

ጎረቤቶቻችን ጋሽ ጀብሪልና ባለቤታቸው እትዬ ኑርጃን ሰምተው መምጣት ጀመሩ። ደራሲው ተንኮለኛ ነው መቼም፤ ዛሬ ዘበኛውን ስንይዝ በማግስቱ ሐኪሙን ያስጠረጥረናል። እትዬ ኑርጃን "ወላሂ ሚስቲቱ ናት! ባሏ ሞቶ ኩል ትኳላለች እንዴ?" ብለው ድርቅ አሉ። ጋሽ ጀብሪል ግን በጃንሆይ ጊዜ አውጫጪኝ የተቀመጡ ሰው ናቸውና "በጩኸት ገዳይ አይወጣም፤ በደንቡ እንቀመጥ" አሉ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ደንቡን አታውቂው ይሆናል። ጥፋት ሲደርስ ያገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይጠረጠራል፣ ጥፋተኛው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይበተንም።

ያገሩ ሰው ሁሉ ከተባለ አጎትሽም ሊቀር አይገባም ብለው ጋሽ ጀብሪል ለኛ ሳይነግሩ መልእክት ሰደዱበት። "በወንድምህ ቤት ሰው ተገድሎ አውጫጪኝ ተቀምጠናል፤ ብትቀር ትጠረጠራለህ" ነው ያሉት።

ሉሊትዬ፣ ያን ቀን ኖረሽ ባየሽ! ቢያድግልኝ ጋቢውን ጥሎ፣ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ፣ "ወንድሜን! ማነው ወንድሜን የገደለብኝ!" እያለ ወንዙን ተሻግሮ መጣ። አባትሽ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ቢያድግልኝ አየውና ዱላው ከእጁ ወደቀ።

"አለህ እንዴ?" አለው።

"አለሁ። የሞተው የቡና ነጋዴው ነው" አለው አባትሽ።

ተቃቅፈው ያለቀሱትን ለመጻፍ ፊደሌ አይበቃም። እኔም አለቀስኩ። እትዬ ኑርጃን ባላቸውን "አንቱ ሰውዬ፣ በሰው ነፍስ ይቀለዳል?" ቢሏቸው "ምን ዋሸሁ? ሰው ተገድሏል፣ አውጫጪኝም ተቀምጠናል። መጽሐፍ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀኝ። ይልቅ አልሐምዱሊላህ በይ!" አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ አጎትሽ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። የባሕር ዛፉን ነገር ያነሳ የለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነገር ሊበላሽ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ከሟቹ ጋር በውርስ የተጣላ ወንድም አለ አይደል? እትዬ ኑርጃን ሳያስቡት "ወንድምየውስ?" ቢሉ ሁላችንም ዞረን ቢያድግልኝን አየነው። አባትሽ ቀስ ብሎ "ወንድም ይጣላል እንጂ አይገድልም። እሱን ተዉት" አለ። ቢያድግልኝ አንገቱን ደፍቶ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

እንግዲህ ጉዴን ስሚ። ቸኩዬ ብቻዬን መጨረሻውን አነበብኩት። ገዳዩ ወንድምየው ነው! አንቺ አንብበሽው ስታበቂ እንዲህ ያለ ነገር ለዚህ ቤት ትልኪያለሽ? በዚያ በተዳፈነ እሳት ላይ? ጨነቀኝ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀድጄ ባዶው ጎታ ውስጥ ደበቅኋቸውና "አይጥ በላው" አልኩ። ጋሽ ጀብሪል "እንግዲያማ ደንቡ ደንብ ነው፣ ገዳዩ ሳይወጣ አንበተንም" አሉ። እኔስ ምን ፈለግሁና!

ሰሞኑን ደግሞ አባትሽ መነጽሬ ጠፋ ብሎ ቤቱን ገለባበጠው። "ፊደል ለማይለይ ዓይን መነጽር ምን ሊያደርግለት ነው?" ብዬ አሾፍኩበት። ዛሬ ጠዋት ገጾቹን ላቃጥላቸው ጎታውን ብከፍት፣ እኔ ጨባብጬ የጣልኳቸው ገጾች ተዘርግተው በተርታ ተቀምጠዋል። መነጽሩ በላያቸው ላይ ነው።

ገጾቹን ባሉበት ተውኳቸው። መነጽሩን ወስጄ ሰጠሁት።

"የት አገኘሽው?" አለኝ።

"አልጋው ሥር።"

"እህ" አለና ኪሱ ከተተው። ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ከሰዓት በኋላ ቢያድግልኝ ገና ከደጅ ብቅ ሲል አባትሽ የሚቀመጥበትን ዱካ አጠገቡ ሳበለትና "ና ወንድምዓለም፣ እኔ ዛሬ ሐኪሙን ነው የያዝኩት" አለው።

ስለዚህ ልጄ፣ ሌላ ቅጂ እንዳትልኪ። አጎትሽ በስልክ ቢጠይቅሽ "ረሳሁት" በዪው። አባትሽ እንኳ አይጠይቅሽም።

የምታዋልጃቸው ሁሉ በሰላም ይገላገሉልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ። አምላክ ፈቅዶ ለፋሲካ መጥተሽ አብረሽን አውጫጪኙን ተቀመጪ፤ እስከዚያ አንበተንም።

እናትሽ እታገኘሁ