በቀን አንዴ የምታጠባ እናት

ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ አንጓች፣ ደጀን፤

እማ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን ዳገት አሁንም በየመሐሉ እያረፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ ቀለል አለሽ? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሣጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል? ላሟ በሰላም ወለደች? ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለወጉ አይደለም፣ እውነቴን ነው። ያ ደረቴን ሰቅዞ ይይዘኝ የነበረው ሳል ትቶኛል።

ለምን አልደወለችም እንዳትይ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አንቺ ደግሞ ጥንቸል የሚለውን ቃል በሰማሽ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኝሽ ነኝ፣ ይኼም ወረቀት ነው። የምታነብልሽ ፋና እንደሆነች አውቃለሁ። ፋናዬ፣ ልጄ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። አያትሽ "ይበቃል" ብትልሽ እንኳ እንዳታቋርጪ፤ የምትዘልያት መስመር አትኑር።

ወንድሜ በፍቃዱ ያልሽውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ነግሮኛል። በፋሲካ ስመጣ ትምህርት ሲዘጋ ልጅሽን ትወስጃለሽ ብለሽኝ ነበር። አሁን ደግሞ "ርኩስ አውሬ ወደሚረባበት ቤት ልጅቱን አልሰድም" ብለሻል። የንስሐ አባትሽም ጥንቸል አትብሉ ተብሎ ተጽፏል ብለውሻል። እሺ፣ እሱስ ይሁን። አንጀቴን የቆረጠው ከዚያ ያስከተልሽው ነው፤ "ድሮስ ወልዳ ጥላ የሄደች ምን እናት ናት?" ብለሻል አሉ። እማ፣ ይህን ውጬ ዝም አልልም። መልስ አለኝ፤ መልሱን የሰጡኝ ደግሞ እነዚሁ ርኩስ ያልሻቸው ጥንቸሎች ናቸው።

አስቀድሞ ነገሩ ይጥራ። እኔ የጥንቸል ሥጋ በልቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልበላም። ጾሜን አልሻርኩም፣ ማተቤም አንገቴ ላይ ነው። ጥንቸሎቹ ያሉት የአከራዬ የእትዬ ሀፍሷ ግቢ ጥግ ላይ፣ የራሳቸው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ ሀፍሷ ሙስሊም ናቸው፣ በእነሱ ዘንድ ጥንቸል ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ወንድና ሴት ጥንቸል የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ መርካቶ እህል ገበያው፣ እህል በረንዳ፣ ስንዴ ሳበጥር ውዬ እየሳልኩ ስገባ ያዩኝ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ አቧራ ሳይደፋሽ ሌላ ነገር ያዢ" አሉኝ። ያዝኩ። እኔ አረባለሁ፣ የሚፈልጉት በቁማቸው ገዝተው ይወስዷቸዋል። ቢላዋ አልነካሁ፣ ድስት አልጣድኩ። ኃጢአቱ የቱ ላይ ነው?

ጥንቸሏ መጀመሪያ የወለደች ቀን ጉድ ነው የሆነብን። መቼም የጥንቸል ልጅ አይተሽ አታውቂም። ፀጉር የለው፣ ዓይኑ አይገለጥ፣ ቀይ የጣት ቁራጭ የመሰለ ነገር። እናቲቱ ከሆዷ ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ ሠራች፣ ልጆቿን እዚያ ከተተችና ትታቸው ወጣች። እኔና ጎረቤቴ በለጥሻቸው ቆመን ብንጠብቅ ብንጠብቅ አትመለስም። ሣሯን ትግጣለች፣ ትጋደማለች፣ ልጆቿን ዞራ አታይም። በለጥሻቸው የአገራችን ሰው ናት፣ የደብረ ማርቆስ፤ አንጀቷ አልቻለም። "ይቺ ጨካኝ! በረሃብ ልትፈጃቸው እኮ ነው!" አለችና ቅቤ አመጣች። ልክ እኛ አገር ለአራስ ልጅ እንደሚደረገው፣ በጣቷ ጫፍ እየቆነጠረች ሁሉንም አዋጠቻቸው። አንጀት ያለሰልሳል የምንለው ቅቤ የእነሱን ሆድ ዘጋው። ተነፉና አለቁ፤ አንድም አልተረፈ። በለጥሻቸው ሰው የሞተባት ያህል አለቀሰች። እኔ ደግሞ እናቲቱን ረገምኳት፣ ልክ አንቺ እኔን እንደምትረግሚኝ።

በኋላ ጫልቱ የምትባል የእንስሳት ሐኪም መጣች። ነገሩን ስንነግራት "አላጠባቻቸውም ያላችሁ ማን ነው? ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ እዩአት" አለችን። በሚቀጥለው ወሊድ ማልጄ ተደብቄ ጠበቅሁ። እናቲቱ ዘው ብላ ገባች፣ ልጆቿ ላይ ቆመች፣ ሰው አጭር ጸሎት አድርሶ እስኪጨርስ ባለው ጊዜ አጥብታ ወጣች። ገልጬ ባይ ሆዳቸው ተነፋፍቶ በስሱ ቆዳቸው ነጩ ወተት ይታያል! በቃ፣ እስከ ነገ ማለዳ ያው ነው። ወተቷ ወፍራም ስለሆነ ቀኑንም ሌሊቱንም ይይዛቸዋል።

ጫልቱ እንደነገረችኝ ከሚጠቡት ወተት ከፊሉ ለማደግ፣ ከፊሉ ደግሞ ለመሞቅ ነው የሚያልቀው። ራቁታቸውን ናቸዋ! ከተበታተኑ ይበርዳቸዋል፤ የበረደው ሆድ ደግሞ ወተት መፍጨት ይሳነዋል። ተቃቅፈው የሚተኙት ለዚህ ነው፣ እሷም ፀጉሯን ነጭታ ያለበሰቻቸው ለዚህ ነው። አብራቸው የማትውለው ሽታዋ አውሬ እንዳይጠራባቸው ነው። መርካቶ ምን አውሬ አለ እንዳትይኝ፣ የዚህ አገር ድመት ከጅብ አይሻልም።

እማ፣ ያን ማለዳ እዚያው እንደቆምኩ አለቀስኩ። ያቺ ጥንቸል እኔ ነኝ። የፋና አባት ሲሞት ልጄን ካንቺ ዘንድ ትቼ የወጣሁት ጠልቻት ነው? መጀመሪያ ያደርኩበትን የአውቶቡስ ተራ መኝታ ብታዪው ኖሮ፣ ያን ሁሉ ሰካራምና ደላላ ብታዪው ኖሮ፣ ሕፃን ይዘሽ ግቢ ትይኝ ነበር? ሙቀቱ አንቺ ቤት ነበር፤ እዚያ ተውኳት። ለፋሲካ እየመጣሁ እስክትጠግብ አቅፋታለሁ፣ ዓመቱን እንዲይዛት። ብዙ በይኝ፣ እሰማለሁ። ጥላ የሄደች የሚለውን ግን አልቀበልም። ወይ ፍንክች!

ፈተናው በዚህ አላበቃም። ዓይናቸው ተገልጦ ከጎጆ መውጣት ሲጀምሩ ደግሞ የገበሬ ልጅነቴ አሳሳተኝ። ጥጃ እህል ሲያገኝ እንዴት እንደሚፋፋ አውቃለኋ! ከእህል በረንዳ የተሰነጣጠቀ ስንዴና በቆሎ እያመጣሁ ጨመርኩላቸው። ደስ እያላቸው በሉ። ከዚያ ሆዳቸው ተነፋ፣ አስቀመጣቸው፣ ጥርሳቸውን እያፋጩ ተቆራመዱ፤ ብዙዎቹ አለቁብኝ። ጫልቱ መጥታ "ወተት የለመደ አንጀት በአንድ ቀን እህል አይለምድም" አለችኝ። ለካ እናቲቱ ጎጆው ውስጥ ኩሷን ጠብ አድርጋላቸው ትወጣለች፣ እነሱም እሱን ይለቃቅማሉ። ያ ነው ሣር የሚፈጭላቸው እርሾ። ያለ እርሾ ሊጥ ይቦካል እንዴ? ከዚያ ወተቱ ሳይቋረጥ የሣር ድርቆሽ በጥቂት በጥቂቱ ይቀምሳሉ፤ ሣሩ የሚብላላበት አንጀታቸው ቀስ እያለ ይሰፋል። ከእናታቸው የሚለዩት ያኔ ነው።

ለንስሐ አባትሽም ይህን ንገሪልኝ፣ በአክብሮት ነው። መጽሐፉ ጥንቸል ታመሰኳለች ይላል አይደል? እንደ ላም አታመሰኳም። ግን ለስላሳዋን ኩስ መሬት ሳትነካ ተቀብላ መልሳ ትውጣታለች፣ የበላችውን ሁለቴ ትፈጨዋለች። አባ አላዩትም፣ እኔ ዕለት ዕለት አየዋለሁ። ከደረቅ ሣር ቅንጣት እንዳታባክን አድርጎ የፈጠራትን ፍጥረት አልበላትም፤ ግን አልንቃትም።

አሁን እንደ ድሮው አይሞቱብኝም። ማበጠሩን ተውኩ፣ ሳሉም ተወኝ። እትዬ ሀፍሷ መስኮት ያላት ሰፋ ያለች ክፍል ሰጥተውኛል። የፋናን አልጋ አስገብቼ ቀይ ብርድ ልብስ አንጥፌበታለሁ። ትምህርት ቤትም ለመስከረም ተቀብለዋታል። ልጄን ለመውሰድ ያበቁኝ እነዚህ ጥንቸሎች ናቸው፣ አንቺ ደግሞ በእነሱ ሰበብ ልጄን ትከለክይኛለሽ!

ሰበብ ያልኩት አውቄ ነው። አውቅሻለሁ እኮ፣ እማ! የጨነቀሽ ጥንቸሉ አይደለም። ፋና ከሄደች ጓዳሽ ጭር ይልብሻል፣ ማንን ተቆጥተሽ ማንን ትስሚያለሽ? እሱን ብትነግሪኝ ኖሮ አብሬሽ አለቅስ ነበር እንጂ እንዲህ አልናገርሽም ነበር። ልጄን ያሞቅሽልኝ አንቺ ነሽ፤ የትም ብትሄድ ያንቺን እርሾ ይዛ ነው። ድንገት ነጥቄሽም አልሄድም፣ አንጀት በአንድ ቀን እንደማይለምድ ተምሬያለሁ። ትምህርት እንደተዘጋ እመጣለሁ፣ ክረምቱ እስኪጋመስ ሦስታችን አብረን እንቆያለን፣ ከዚያ እንሄዳለን። ጥንቸሎቹን በለጥሻቸው ትጠብቅልኛለች፤ ቅቤ ላታቀምሳቸው በማርያም ምላልኛለች። ጥንቸሎቼንም አልጥልም፣ ልጄንም አልተውም። ይኼ ቁርጥ ነው።

ወንድሜን በፍቃዱን ሳሚልኝ። ወሬ ማድረስ እንደሆነ ይችልበታል፣ ይህንንም አንድ ሳያስቀር ለአገሩ ያድርስልኝ። ለሚስቱ ለስመኝ፣ የላከችልኝ ሽሮ ሰፈሩን ሁሉ እጅ አስልሷል በያት። ለንስሐ አባትሽ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፣ በጸሎታቸው ያስቡኝ። እትዬ ሀፍሷ ሰላም ብለውሻል፤ ለጉልበትሽ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይልኩልሻል፣ እሱን ደግሞ ሣጥን ውስጥ እንዳትቆልፊው።

ፋናዬ፣ ጎበዝ፣ ሳትዘልይ እዚህ ደረስሽልኝ። ከደጀን ስመለስ የሁለት ሰው ትኬት እቆርጣለሁ፤ ሦስተኛውን አያትሽ ትወስን፣ አልጋው ለሁለት ይበቃል። አሁን ቀና በይና ዓይን ዓይኗን እያየሽ ይህን በራስሽ አፍ ንገሪያት፦ "እናቴ ጥላኝ አልሄደችም። ልትወስደኝ እየመጣች ነው።"

ልጅሽ ያለምወርቅ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.